ምዕራፍ 7፦ ቀስ ብሎ የሚናገር ራዲዮ

እ.ኤ.አ. በ1886 መገባደጃ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣ አንድ የግመል ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ገደል አቀና። መሪው ግጥም ትቶ ንግድ የጀመረው ፈረንሳዊ፣ አርተር ራምቦ ነበር። ጭነቱም ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ። አራት ወር ያህል ተጉዞ በ1887 መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ አንኮበር ሲገባ ግን ንጉሡን አጣቸው፤ ወደ ሐረር ዘምተው ነበር። ራምቦ ሒሳቡን ለመቀበል እንደገና ጓዙን ጭኖ እስከ እንጦጦ መጓዝ ግድ ሆነበት።

ያጣው መረጃ እጅግ ትንሽ ነበር፦ «ንጉሡ አሉ» ወይም «የሉም»። በዛሬ የኮምፒውተር ሒሳብ ይህ አንድ ቢት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ጠይቋል። ዛሬ ሽቦው ቀርቶ ብዙ ሰው በኪሱ ስልክ ይዟል። ሆኖም በሞባይል ስልክ የማይፈታ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከወንዝ ዳር፣ ከማሳ መሐል ወይም ከገደል አፋፍ ላይ በቀን ጥቂት ጊዜ «ውሃው ከፍ ብሏል»፣ «ብርዱ በርትቷል» የምትል አንዲት ቁጥር ብቻ መላክ ሲያስፈልግ ምን ይደረጋል? ለዚህች ቁጥር ሲም ካርድ መግዛት፣ ሒሳብ መሙላትና ኔትወርክ ያለበትን ስፍራ መፈለግ ወጪው ከሥራው ይበልጣል። ኤሌክትሮኒክስ መነካካት የሚወዱ ወጣቶች በየአገሩ የያዙት መልስ ሎራ የተባለው አነስተኛ የራዲዮ ሞጁል ነው።

የተጎተተ ድምፅ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ከአንድ ሸንተረር ቆሞ ማዶ ያለውን ሰው የሚጣራ አይቸኩልም። ስሙን ይጎትታል፣ የመጨረሻዋን ፊደል ያስረዝማል። በችኮላ የተጠራ ስም ነፋስ ይወስደዋል፤ የተጎተተው ግን ተቆራርጦም ቢሆን ማዶ ይደርሳል፣ ሰሚውም ከነፋሱ ድምፅ ለይቶ ይይዘዋል። የሎራ ብልሃትም ከዚህ አይርቅም፤ ፍጥነትን ሰጥቶ ርቀትን ይገዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራ ራዲዮ መልእክቱን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲያስተላልፍ፣ ሎራ ግን ሞገዱን ከተመደበለት መስመር ታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ እያንሸራተተ ይልካል። ይህ ተንሸራታች ሞገድ ቺርፕ ይባላል። መረጃውን የሚሸከመው ቺርፑ ከየት ነጥብ መንሸራተት እንደጀመረ ነው። «ስፕሬዲንግ ፋክተር» የሚባለው ቁጥር 7 ከሆነ የመነሻ ነጥቦቹ 128 ናቸው፤ 12 ከሆነ ደግሞ 4096። በተለመደው የ125 ኪሎኸርዝ ስፋት አንድ ቺርፕ በ7 ላይ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ሲፈጅ፣ በ12 ላይ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል።

ጥቅሙ የሚታየው በተቀባዩ በኩል ነው። ተቀባዩ የቺርፑን ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ምልክቱ ከአካባቢው የራዲዮ ጫጫታ በ100 እጥፍ ቢደክም እንኳ በ12 ላይ ሊያወጣው ይችላል። በ7 ላይ ግን የሚችለው 5 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ዋጋውም ግልጽ ነው። 10 ባይት ያላት መልእክት በ7 ላይ 41 ሚሊሰከንድ አየር ላይ ስትቆይ፣ በ12 ላይ አንድ ሰከንድ ሊሞላት ትንሽ ይቀራታል። ፎቶግራፍ፣ ድምፅና ቪዲዮ በዚህ መንገድ አይታሰቡም።

ቴክኖሎጂው የተወለደው በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በተቋቋመው ሳይክሌዮ በተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቡ የውሃ፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችን ከርቀት ማንበብ ነበር። በ2012 የአሜሪካው ሴምቴክ ኩባንያውን ገዛው፤ በ2015 ደግሞ የጋራ ደንብ የሚያወጣው የሎራ ኅብረት ተመሠረተ። በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች እጅ የገባው ከዚያ ወዲህ፣ የቻይና አምራቾች የሴምቴክን ቺፕ በትንንሽ ቦርድ ላይ እየበየዱ በጥቂት ዶላር መሸጥ ሲጀምሩ ነው። በብዛት የሚገኘው አርኤ-02 የተባለው ሞጁል 17 በ16 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ኤስኤክስ1278 የተባለው ቺፕ ተቀምጧል።

ሸንተረሩና ገደሉ

«ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ከማንም አፍ ቀድሞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በአውሮፓ ሰማይ ላይ፣ ከ38 ኪሎ ሜትር በላይ የወጣ ፊኛ ላይ የታሰረ አንድ የሎራ መሣሪያ በ25 ሚሊዋት ኃይል ብቻ 702 ኪሎ ሜትር ርቆ ተሰምቷል። ይኸው ሞጁል በከተማ ውስጥ፣ ከብሎኬት ግድግዳ ጀርባ ሲቀመጥ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ ሊያቅተው ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከፍታና ያልተጋረደ እይታ ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን ለማየት የተመቸ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሰፊው ደጋ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። አንኮበር በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ ትገኛለች፤ በቀጥታ መስመር ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ነው። እንበልና አንድ ጀማሪ 433 ሜጋኸርዝ ላይ በ10 ሚሊዋት ኃይል 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ለመነጋገር አሰበ። ሒሳቡ ያስደስታል፤ መሐሉ ባዶ አየር ቢሆን ኖሮ የሚደርሰው ምልክት በስፕሬዲንግ ፋክተር 12 ከሚያስፈልገው 2000 እጥፍ ያህል ይበረታ ነበር።

መሬቱ ግን ሌላ ይናገራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ እየወጣ እየወጣ የደጋው ጠርዝ ላይ ይደርስና ወደ አንኮበር ቁልቁል ይወርዳል። ከተማዋ ያለችው ከጠርዙ ማዶ፣ ዝቅ ብላ ነው። ራዲዮው ፊት የተጋረጠው ተራራ ነው፤ 2000 እጥፍ የተባለው ትርፍም እዚያው ተራራ ላይ ያልቃል። ኃይሉን ከ10 ወደ 100 ሚሊዋት ማሳደግ ብዙ አይፈይድም። በባዶ አየር እንኳ ቢሆን አሥር እጥፍ ኃይል ርቀቱን የሚጨምረው በሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። መፍትሔው ከጠርዙ ላይ ሁለቱንም ወገን የሚያይ አንድ ማስተላለፊያ ማቆም ነው፤ ከደብረ ብርሃን የመጣውን ሰምቶ ወደ አንኮበር ይደግመዋል።

ከጠርዙ ወደ ምሥራቅ ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። ከበታች የአልዩ አምባ ጥንታዊ ገበያ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚዘረጋው ቆላ ይታያል። 1500 ሜትር ዝቅ ብሎ ለሚገኝ ሜዳ የራዲዮ አድማሱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ለቆመ አንቴና ግን አድማሱ ከ6 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ራምቦ አራት ወር የለፋበት አቅጣጫ ለራዲዮ ከሁሉ የቀለለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የራዲዮ ሞገድ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሆዱ የሰፋ መተላለፊያ ይፈልጋል። ለ10 ኪሎ ሜትር ርቀት በ433 ሜጋኸርዝ የዚህ መተላለፊያ ግማሽ ስፋት መሐሉ ላይ 42 ሜትር ያህል ነው። በዓይን ጥርት ብሎ የሚታይ ቦታ መሐል ላይ የባሕር ዛፍ ደን ቢኖር፣ በተለይ ክረምት ቅጠሉ ውሃ ሲይዝ፣ ምልክቱን ክፉኛ ይጎዳዋል። በአንኮበር ጠርዝ ላይ ዓይን የሚጋርደው ጉም ግን ለዚህ ሞገድ ምንም አይደለም፤ ጉምና ዝናብ የሚያስቸግሩት እጅግ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ የሚጠቀሙ መሣሪያዎችን ነው።

የውርጭ ዘብ

ለደብረ ብርሃን የሚስማማ የመጀመሪያ ፕሮጀክት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች የሙቀት መጠኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። ያልደረሰ ገብስ፣ ባቄላና ምስር በአንድ ሌሊት ሊመታ ይችላል። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች የሚለኩት ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጥላ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣሩ ጫፍ ላይ ያለው ብርድ ግን ጥርት ባለ ሌሊት ከዚያ በብዙ ዲግሪ ይብሳል። ስለዚህ ሰብሉ አጠገብ የሚቆም ቴርሞሜትር ከጣቢያው የተለየ ወሬ ያመጣል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለ ውሃ የማይገባው የሙቀት ሴንሰር፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ አርዱይኖ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የሎራ ሞጁልና አንቴና። ሴንሰሩ በግማሽ ዲግሪ ልክ ትክክል ነው ቢባልም ገበያው በአስመሳይ የተሞላ ነው፤ የተፈጨ በረዶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ዜሮ ማንበቡን ማረጋገጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሞጁሉን ከአርዱይኖ ጋር ማገናኘት ሦስት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ቺፑ ከ3.7 ቮልት በላይ አይወድም፤ በ5 ቮልት ከሚሠራው አርዱይኖ ኡኖ ጋር ሽቦ ለሽቦ የሚያያይዝ ሰው ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ያለ አንቴና ማስተላለፍ የሞጁሉን የኃይል ማጉያ ሊያበላሽ ስለሚችል አንቴናው ከሁሉ ቀድሞ ይበየዳል። ጥሩ አንቴና ለመሥራት ደግሞ 17.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሽቦ ይበቃል፤ ይህ የ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ ርዝመት ነው። ሦስተኛ፣ የአርኤ-02 እግሮች በ2 ሚሊሜትር ስለሚራራቁ ብሬድቦርድ በሚባለው መለማመጃ ቦርድ ላይ አይሰኩም፤ ሽቦ መበየድ ወይም መቀየሪያ ቦርድ መግዛት ያሻል።

ላኪውና ተቀባዩ እንዲግባቡ ፍሪኩዌንሲው፣ ስፕሬዲንግ ፋክተሩ፣ የመስመሩ ስፋትና መለያ ቁጥሩ በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። አንዱ ከተሳሳተ ዝምታ ብቻ ነው፤ ስሕተት እንዳለ የሚናገር መልእክት አይመጣም።

ቦታ መምረጥ ላይ ግን የሚጋጩ ሁለት ፍላጎቶች ይመጣሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ረባዳው ይፈስሳል፤ ውርጭ የሚጸናውም እዚያ ነው። ራዲዮ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ረባዳ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ሣሩ አጠገብ ይቀራል፤ ሞጁሉና አንቴናው በጥቂት ሜትር ሽቦ ተያይዘው እንጨት ላይ ይሰቀላሉ። የአንቴናውን ከፍታ ከአንድ ወደ አራት ሜትር ማሳደግ የራዲዮ አድማሱን በእጥፍ ያሰፋዋል።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል ይጠቅማል? ለብዙ ጥማድ ገብስ ሌሊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ለችግኝ ጣቢያ፣ ለጓሮ አትክልትና በመስኖ ለሚለማ ትንሽ ማሳ ግን መሸፈኛ ለመጣል ወይም ውሃ ለመልቀቅ ጊዜ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ የትኛው ማሳ ከየትኛው ይልቅ እንደሚመታ በቁጥር ያሳያል።

የባትሪ ሒሳብ

የሎራ ሌላው ስም «ቁጥብ» ነው። ኤስኤክስ1278 ሲያንቀላፋ የሚወስደው ከአንድ ማይክሮአምፔር በታች ነው፤ በ17 ዲቢኤም ኃይል ሲያስተላልፍ ደግሞ 90 ሚሊአምፔር ያህል ይጠጣል። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው 10 ባይት በስፕሬዲንግ ፋክተር 9 ቢልክ፣ በቀን 96 መልእክት፣ እያንዳንዱም 144 ሚሊሰከንድ፣ በድምሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚናገረው 14 ሰከንድ ብቻ ነው። ሴንሰሩና እንቅልፉ ሲደመሩ የቀን ፍጆታው ከአንድ ሚሊአምፔር-ሰዓት በታች ይውላል። ሦስት ዳግም የማይሞሉ የሊቲየም ባትሪዎች 3000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቢይዙ በወረቀት ላይ ከ8 ዓመት በላይ ያገለግላሉ።

ያው ባትሪ ምንም ሳይሠራ 45 ሚሊአምፔር ከሚወስድ አርዱይኖ ኡኖ ጋር ቢያያዝ ሦስት ቀን አይሞላም። ኃይል የሚጨርሰው ራዲዮው ሳይሆን የማያንቀላፋው ቦርድ፣ ሁልጊዜ የሚበራው መብራትና ቆጣቢ ያልሆነው የቮልት መቆጣጠሪያ ነው።

ጠርዝ ላይ የሚቆመው ማስተላለፊያ ግን እንዲህ አይኖርም። መልእክት መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ሁልጊዜ ማዳመጥ አለበት፤ ማዳመጥ ብቻ 12 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፣ በቀን 290 ሚሊአምፔር-ሰዓት። ስለዚህ የፀሐይ ፓነል ይፈልጋል። እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ሌላ ወጥመድ ያጠምዳል፤ ተሞይ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ውስጡ ይጎዳል። በደብረ ብርሃን ጠዋት ፀሐይ ፓነሉ ላይ ስታርፍ ደግሞ ባትሪው ገና የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው። የሙቀት መጠኑን አይቶ መሙላት የሚያቆም መቆጣጠሪያ ወይም ባትሪውን ከመሬት በታች መቅበር መፍትሔ ይሆናል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ መብረቅ እንደሚስብም መርሳት አይገባም።

የፊደል ክብደት

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሎራ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ ያመጣል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ውርጭ» የምትለው ቃል ብቻ 9 ባይት ነች። አንድ የሎራ መልእክት ደግሞ ከ255 ባይት አይበልጥም፤ ሙሉ ጭነት በስፕሬዲንግ ፋክተር 12 ቢላክ 9 ሰከንድ ይፈጃል።

ስለዚህ ብልህ ሠሪ ቃል አይልክም። «የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 2.5 ዲግሪ» ከማለት ይልቅ ሙቀቱን በ10 አባዝቶ −25 የምትለውን ቁጥር በሁለት ባይት ይልካል፤ አማርኛውን ተቀባዩ በኩል ያለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረውንና መሣሪያዎቹ መልእክት እየተቀባበሉ የሚያደርሱበትን መሽታስቲክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ግን በቀጥታ ጽሑፍ ይላላካሉ። በአማርኛ ከሆነ ከ60 እስከ 70 ፊደል በአንድ መልእክት ይገባል።

ሎራ በራሱ ምሥጢር አይጠብቅም። ቅንብሩን ያወቀ ሁሉ መስማት ይችላል። የሙቀት መጠን ቢሰማ ጉዳት የለውም፤ በር የሚከፍት ወይም ፓምፕ የሚያስነሣ ትእዛዝ ግን ሳይመሠጠር መላክ የለበትም።

ከአንዲት ጥድ የሚገኝ ትምህርት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አንዲት ጥድ የተባለ ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር አንዱን ጣቢያ እዚህ ተከለ። ዝናቡ፣ የወንዙ ውሃና ወንዙ ጠርጎ የሚወስደው አፈር ለአሥርት ዓመታት ተለክተውበታል። ጎርፍ ሲመጣና ውሃው ሲደፈርስ ተመልካቹ በየአሥር ደቂቃው የአንድ ሊትር ናሙና ይቀዳ ነበር።

ይህ ሥራ የሎራን አቅምም ወሰንም ያሳያል። የወንዙን ከፍታ በየደቂቃው ለክቶ ሌሊት በዝናብ መልእክት መላክን አንድ ሴንሰርና አንድ ሞጁል ይችሉታል። ጠርሙሱን ቀድቶ፣ አፈሩን አጥልሎና አድርቆ መመዘን ግን የሰው እጅ ይጠይቃል። ከዚያም በላይ የአንዲት ጥድ መዝገብ ዋጋ ያገኘው ለረጅም ዓመታት ስላልተቋረጠ ነው። በክረምት መሐል ባትሪው አልቆ የሚዘጋ መሣሪያ ከደብተርና እርሳስ ያነሰ ጥቅም አለው፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ተተክሎም ደብተሩ አብሮ መቀጠል አለበት።

ፈቃድና አየር

አየሩ ባለቤት አለው። 433 እና 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት መስመሮች አፍሪካንና አውሮፓን በሚያጠቃልለው ክልል ለአነስተኛ ኃይል መሣሪያዎች በስፋት ሲያገለግሉ፣ ለአሜሪካ የተሠራው የ915 ሜጋኸርዝ ሞጁል ግን ለሌላ ክልል የታሰበ ነው። በኢትዮጵያ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሞጁል ከማዘዝ በፊት የሚፈቀደውን ፍሪኩዌንሲና ኃይል ከዚያ መጠየቅ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ከሚያዝ ይሻላል። በአገሩ በፈቃድ የሚሠራ የራዲዮ ባህልም አለ፤ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቀው የአማተር ራዲዮ ጣቢያ ተማሪዎችን ከዓለም ጋር ሲያነጋግር ኖሯል።

ደብረ ብርሃን ላለ ጀማሪ የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሞጁሎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይነጋገሩ፤ ቀጥሎ አንዱ ቤት ቀርቶ ሌላው በእግር እየተወሰደ ምልክቱ የሚጠፋበት ስፍራ በካርታ ላይ ይመዝገብ፤ ከዚያ የውርጭ ሴንሰሩ አንድ ማሳ ላይ ይተከል። የአንኮበሩ ማስተላለፊያ የሚመጣው አንዱን በጋ ሙሉ ሳይቆም የሠራ መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ነው። ውርጩ በጥቅምት ስለሚጀምር ብየዳው በክረምቱ ወራት ቢያልቅ፣ መሣሪያውም በመስከረም ቢተከል ጥሩ ነው።